በጎ ፈቃደኛ ፍለጋ፦ ከአዳራሽ ወደ እድር

በሮቤም ሆነ በጎባ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አዲስ በጎ ፈቃደኞች ሲያስፈልጉት የሚያደርገው ነገር በአብዛኛው የታወቀ ነው። አዳራሽ ይከራያል ወይም ድንኳን ይተክላል፤ ባነር ያሳትማል፤ ቲሸርትና ኮፍያ ያዘጋጃል፤ ከከተማ አስተዳደሩ የክብር እንግዳ ይጠራል። ንግግር ይደረጋል፤ ችግኝ ይተከላል ወይም ጎዳና ይጠረጋል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሰው ሲወጣ ስሙንና ስልኩን በአንድ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ከወር በኋላ ያ ወረቀት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን ከጻፈው ሰው ብዙው የሚደውልለት አያገኝም፤ የተደወለለትም የትኛውን ሥራ፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚነግረው የለም። ይህ በመላ አገሪቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ የባሌ ብቻ አይደለም። ነገር ግን በባሌ ደጋ የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ እዚያው ላይ ማሰብ ተገቢ መስሎኛል። የምከራከርለትም ነገር አንድ ነው፦ የሕዝብ ዝግጅት በጎ ፈቃደኛ የሚያፈራው ሕዝቡ ራሱ በራሱ ምክንያት ወደተሰበሰበበት ቦታ ተሄዶ፣ ሰው በሚያውቀው ሰው አንደበት፣ በዚያው ሳምንት ለሚጀመር የታወቀ ሥራ ሲጠየቅ ነው።

የባሌ ሕዝብ የመርዳት ፈቃድ እንደማያንሰው ለሚጠራጠር 1992 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት አዳርሷል። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው በሺዎች እየሆነ ወጣ፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የእሳት መከላከል ባለሙያዎች መጡ። የበልጉ ዝናብ ባይደርስ ኖሮ ጥፋቱ ከዚያም በከፋ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የወጣው ሥራው በዓይኑ ስለታየውና ጎረቤቱም ሲወጣ ስላየ ነው፤ ድግስ አዘጋጅቶ የጠራው አልነበረም። የጎደለው ቀደም ብሎ የሰለጠነ፣ የተደለደለ፣ ማን የትኛውን ሸንተረር እንደሚይዝ የሚያውቅ ቡድን ነው። ደግሞም እሳቱ የአንድ ዓመት ክስተት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በባሌ ተራሮች ከደኑ በላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ በደረቁ ወራት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከብት አርቢዎችም አዲስ ግጦሽ እንዲበቅል አንዳንዴ ሆን ብለው ያቃጥሉታል። ወቅቱ አስቀድሞ የሚታወቅ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ፈቃደኛው እሳቱ ከመነሣቱ በፊት መገኘት ነበረበት።

ሰው ለምን ይመጣል የሚለውን ጥያቄ በጥንቃቄ ከመረመሩት አንዱ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዳግ ማክአዳም ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ክረምት ጥቁር አሜሪካውያንን በመራጭነት ለማስመዝገብ ወደ ሚሲሲፒ ለመዝመት ያመለከቱና ተቀባይነት ያገኙ ወጣቶች ከ900 በላይ ነበሩ። 720ው ሄዱ፤ 239ኙ ቀሩ። ማክአዳም የሁለቱን ወገኖች ማመልከቻ ሲያነጻጽር በእምነት ጥንካሬ ያን ያህል ልዩነት አላገኘም፤ የቀሩትም እንደሄዱት ሁሉ በዓላማው ከልብ ያምኑ ነበር። ልዩነቱ የታየው የሄዱት በማኅበራት ውስጥ ቀደም ብለው የተሳተፉ በመሆናቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሌሎች ዘማቾች ጋር የቅርብ ትውውቅ ስለነበራቸው ነው። ጓደኛው የሚሄድ ሰው ይሄዳል። ይህን ግኝት ወደ እኛ ሁኔታ ስናመጣው፣ በአዳራሽ የሚደረግ ንግግር እምነትን ቢያጠነክርም ሰውን ከቤቱ ላያስወጣ እንደሚችል እንረዳለን። ሰውን የሚያስወጣው ግንኙነት ነው፤ ግንኙነት ደግሞ በባሌ ከተሞችና ገጠሮች እጅግ የተትረፈረፈ ሀብት ነው።

የዚህ ሀብት ዋነኛ ማከማቻ እድር ነው። በእድር ውስጥ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ሰው ሲጠራ ለምን እንደተጠራ ይገባዋል፤ ሲቀርም የሚጠይቀው ጎረቤቱ ነው። በገጠሩ ደግሞ ደቦ አለ፤ የጠራው ሰው እርሻው የት እንደሆነ፣ ሥራው አረም ይሁን አጨዳ፣ ፀሐይ ሲጠልቅ ምን እንደሚበላ የሚጠፋው የለም። እድር ቅጣት አለው፣ ደቦም ብድር የሚመለስበት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ከበጎ ፈቃድ ጋር አንድ አይደሉም የሚል ሊኖር ይችላል። ትክክል ነው። በጎ ፈቃደኛን መቅጣት አይቻልም፤ አይገባምም። ከእድርና ከደቦ መውሰድ የሚገባን ግን ቅጣቱንም ብድሩንም አይደለም፤ የጥሪውን ግልጽነት ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ሕዝቡን “ተሳተፉ” ይሉታል፤ እድር ግን ስሙን ጠርቶ ነገ ጠዋት ምን ይዞ እንዲመጣ ይነግረዋል።

ለምን ይህ ልዩነት ወሳኝ እንደሆነ የሚታየው በባሌ ደጋ የሚያስፈልገው ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲታሰብ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ትልቁ ጠላታቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. መባቻ በዌብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በ2010 ዓ.ም. ክረምት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ የአፍ ክትባት ጀምሯል፤ ያም ሆኖ የውሻ ክትባት መሠረቱ እንደሆነ ይቀጥላል። በሽታው በውሾች መካከል እንዳይዛመት ከ100 ውሾች 70 ያህሉ መከተብ አለባቸው፤ ቡችሎች ደግሞ በየዓመቱ ይወለዳሉ። ስለዚህ ሥራው በየዓመቱ፣ በየቀበሌው፣ በየግቢው መደገም አለበት። ውሻውን የሚወጋው የሰለጠነና ራሱም የተከተበ ባለሙያ ነው፤ በጎ ፈቃደኛው የሚሠራው ደግሞ ባለሙያው ሊሠራው የማይችለውን ነው። የትኛው ቤት ስንት ውሻ እንዳለ ያውቃል፤ የክትባቱን ቀን ያሳስባል፤ ባለቤቱ ውሻውን አስሮ እንዲቆይ ያግባባል። ለዚህ ሥራ ከሌላ ሰፈር በመኪና የመጣ መቶ ሰው በዚያው ቀበሌ የሚኖሩ ሦስት ሰዎችን አይተካም።

ደምም እንዲሁ ነው። የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በወሊድ ደም የሚፈሳትን እናትና በመንገድ አደጋ የተጎዳውን መንገደኛ ሲቀበል ደም አስቀድሞ ተለግሶ፣ ተመርምሮና ተቀምጦ መገኘት አለበት። የተለገሰ ደም እንደ አያያዙ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው፤ ጤነኛ ለጋሽ ደግሞ በሦስት ወር አንዴ መስጠት ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ ያየ ሰው፣ በሰኔ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው አሰልፎ ደም መሰብሰብ ለመስከረም እንደማይጠቅም ወዲያው ይገባዋል። የሚጠቅመው ሰኔ፣ መስከረም፣ ታኅሣሥና መጋቢት ላይ የሚመለሱ ለጋሾችን ማግኘት፣ ለጋሾቹንም በአራትና በአምስት ቡድን ከፋፍሎ በየተራ መጥራት ነው። ለአንድ ድርጅት ዝግጅት መሳካት መለኪያው በዕለቱ የተገኘው ሰው ብዛት መሆኑ ቀርቶ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ሰው ብዛት ቢሆን፣ የዝግጅቱ መልክ ራሱ ይለወጥ ነበር።

የጊዜው ነገር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። በአገር ደረጃ የበጎ ፈቃድ ወቅት ሆኖ የተለመደው ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ተማሪው ዕረፍት ላይ ስለሚሆን ብዙው ጥሪ በእነዚያ ወራት ይወጣል። ለአዲስ አበባ ይህ ይስማማ ይሆናል። የባሌ ደጋ ግን ሁለት የምርት ወቅት ያለው አገር ነው፤ የበልጉ እህል ከመጋቢት ጀምሮ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይሰበሰባል፤ የመኸሩም በዚያው ሰሞን ይዘራና እስከ ታኅሣሥ ይደርሳል። በሲናና፣ በጋሰራና በአጋርፋ ሜዳ ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሚበዛበት የአገሪቱ የበጎ ፈቃድ ወቅት በሚታወጅበት ጊዜ ነው። በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከየክልሉ ተመድቦ የመጣ በመሆኑ በክረምቱ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ማለትም በባሌ ሁለቱ ትልልቅ የፈቃደኛ ምንጮች በአንድ ጊዜ የሚደርቁበት ወር ላይ ነው ጥሪው የሚተላለፈው። ከዚያ ጥሪውን የሰማ ሰው ጥቂት ሆኖ ሲገኝ የሕዝቡ ተነሣሽነት ቀንሷል ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው መታረም ያለበት። ከጥር እስከ የካቲት የመኸሩ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ የበልጉ እርሻ እስኪጀመር ያለው ጊዜ ለገጠሩ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው የትምህርት ጊዜ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ይመቻል።

ታዲያ ወዴት ይኬድ? ሕዝቡ በራሱ ጉዳይ የሚገናኝባቸው ቦታዎች ሞልተዋል። የእድር ወርሃዊ ስብሰባ አለ፤ የገበያ ቀን አለ፤ የወላጆች ቀን አለ፤ የሠፈር የእግር ኳስ ውድድር አለ፤ የሸማቾችና የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉባኤ አለ፤ የዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪዎች አቀባበል አለ። በትምህርት ቤቶችም የቀይ መስቀል ክበባት አሉ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ከተመሠረተ ጀምሮ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በየአካባቢው ባለው በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ነው። ድርጅቱ ወደ እነዚህ ስብሰባዎች ሲሄድ የሚጠይቀው 10 ደቂቃ ብቻ መሆን አለበት። የሚናገረው ከዋና መሥሪያ ቤት የመጣ ኃላፊ ባይሆን ይመረጣል፤ የዚያው እድር አባል የሆነና ሥራውን ቀድሞ የሠራ ሰው ይናገር፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሰሚው በሚቀርበው ቋንቋ። የሚለውም አጭር ይሁን፦ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ በዚህ ቀበሌ፣ የውሾች ምዝገባ አለ፤ ስድስት ሰው እንፈልጋለን፤ ሥራውን የሚያስተባብረው ይህ ሰው ነው፤ ማን ይመጣል? የሚፈለገውን ሰው ቁጥር መናገር ትልቅ ጥቅም አለው። “ሁላችሁም ኑ” የተባለ ሕዝብ ውስጥ እያንዳንዱ ሌላው እንደሚሄድ ያስባል፤ ስድስት ሰው ሲባል ግን እጁን ያላወጣ ሰው ራሱን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ተቃውሞ ይነሣል። በባሌ ትልልቆቹ የሕዝብ መሰብሰቢያዎች የእምነትና የባህል በዓላት ናቸው፤ ጥምቀት፣ ኢሬቻ፣ የረመዳን አፍጥር፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚደረገው ጉዞ። እነዚህን የድርጅት መመልመያ ማድረግ ለተቀደሰው ነገር ክብር መንፈግ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ በዓሉን በባነርና በድምፅ ማጉያ የሚያጣብብ ድርጅት ጥፋት ይሠራል፤ ከአንዱ እምነት በዓል ላይ ብቻ የሚገኝም ሌላውን ያስቀይማል። ስለዚህ በበዓሉ ላይ ሳይሆን ከበዓሉ አስቀድሞ፣ አዘጋጆቹን አስፈቅዶ፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚፈልጉትን አገልግሎት ይዞ መቅረብ ነው የሚሻለው፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የጠፉ ሕፃናትን ማገናኘት፣ ከበዓሉ በኋላ ሜዳውን ማጽዳት። በዓላቱ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምሩን ነገር አለ። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ እያነጠፉ የሚሮጡት ወጣቶች፣ በኢሬቻ ሥርዓት የሚያስከብሩት ፎሌዎች፣ በመስጊዱ አጥር አፍጥር የሚያድሉት ልጆች ክፍያ የላቸውም፤ ማንም በማስታወቂያ አልመለመላቸውም። በየሠፈራቸው፣ በእኩዮቻቸው፣ ለአንድ ለታወቀ ኃላፊነት ተጠርተው ነው የመጡት። “የዛሬ ወጣት በነፃ አይሠራም” የሚለውን ወቀሳ ከዚህ በላይ የሚያፈርስ ማስረጃ አላውቅም።

ሌላው ተቃውሞ ከታሪካችን የሚነሣ ነው። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልከዋል፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ በዩኔስኮ ተሸልሟል፤ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። በዘመቻ ይህን ያህል ከተሠራ ስለ ስድስት ሰውና ስለ 10 ደቂቃ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ዘመቻ ኃይል እንዳለው አልክድም፤ የመሠረተ ትምህርቱ ውጤት የሚናቅ አይደለም። ግን ዘመቻ መንግሥታዊ ጉልበት ይጠይቃል፤ የአገር ውስጥ ድርጅት ያ ጉልበት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ከዚያም በላይ ብዙ ሰው ከዘመቻ ዘመን የወረሰው ትዝታ የስም መጥሪያና የቀሪ መመዝገቢያ ነው፤ በቀበሌ በኩል የመጣ “የበጎ ፈቃድ” ጥሪ እምቢ ሊባል የሚችል አይመስለውም። ይህን ጥርጣሬ የሚያስወግደው የጠያቂው ጨዋነት ነው። እምቢ ያለ ሰው ያለ ምንም ሐሜት እምቢ ማለት ይቻለው፤ የወረዳ ባለሥልጣን ፊት እጅ አውጡ አይባል። ችግኝም ቢሆን የተተከለ ዕለት ሥራው አላለቀም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደረቅ ወቅቶች ከከብት የሚጠብቀውና የሚያርመው ሰው ነው ዛፍ የሚያደርገው፤ ያ ሰው ደግሞ በአቅራቢያው የሚኖረው ነው።

ስለ ድህነት የሚነሣውን ጥያቄ ከሁሉም አስበልጬ አከብረዋለሁ። ሥራ አጥ ወጣት በበዛበት ከተማ ነፃ ጉልበት መጠየቅ ግፍ ነው የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ቋሚ ሠራተኛ ሊቀጠርበት የሚገባውን ሥራ በ“በጎ ፈቃደኛ” ስም ለወራት ማሠራት ስም የተቀየረለት ብዝበዛ ነው። ስለዚህ ድንበሩ በግልጽ ይሰመር። በጎ ፈቃደኛ በወር ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይጠየቅ፤ የትራንስፖርቱና የምሳው ወጪ ከኪሱ አይውጣ፤ ከዲንሾ ወደ ሮቤ የሚያመላልሰው የመኪና ሒሳብ ለአንድ ተማሪ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል የቀን አበል ልማድም ጉዳት አለው። ለስብሰባ መገኘት ብቻ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ያለ አበል የሚመጣውን ሰው ያሸሻል፤ ቀጥሎ ለሚመጣውም ድርጅት መንገዱን ያበላሻል። ወጪን መሸፈንና ጊዜን መግዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለወጣቱ ሊሰጠው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ የሠራውን ሥራ በትክክል የሚመሰክር ወረቀት። ለአንድ ቀን ለተገኘ የሚታደል ሰርተፍኬት ቀጣሪን አያሳምንም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የስምንት ቀበሌ የውሻ ምዝገባ አስተባብሯል የሚል ደብዳቤ ግን ያሳምናል።

ትልልቅ ዝግጅት ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በዓመት አንዴ አሥር ሺዎችን አሰባስቦ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያስገኝ እንዳየነው፣ ለገንዘብና ለዕውቅና ብዙ ሕዝብ ጥሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ገቢ የማሰባሰቢያውን በር ከቀድሞው ከአዋጅ 621/2001 እጅግ አስፍቶ ከፍቶላቸዋል፤ ይጠቀሙበት። ስሕተቱ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ዘዴ ሰው ለማግኘት መሞከሩ ላይ ነው። ለጋሾችም የዚህ ስሕተት ተካፋይ ናቸው፤ በሪፖርት ላይ የተሳታፊ ብዛትና ፎቶ የሚጠይቁት እነሱ ናቸውና። አንድ የፕሮጀክት ኃላፊ 500 ሰው በተገኘበት ሥነ ሥርዓትና ዓመቱን ሙሉ በሚመላለሱ 20 ሰዎች መካከል ምረጥ ቢባል፣ ሪፖርቱ የመጀመሪያውን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ለጋሹ በቅጹ ላይ “ካለፈው ሩብ ዓመት ፈቃደኞች ስንቱ ተመለሱ?” የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ብዙ ነገር ይስተካከላል።

በሮቤና በጎባ መካከል ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለቱ ከተሞች የሚሠሩ ድርጅቶችም ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ያንኑ ሰው ነው። አንዱ የሌላውን ቀን ሳያውቅ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጥሪ ይወጣል፤ ከዚያ ለሦስት ወር ዝም ይባላል። የጋራ የቀን መቁጠሪያ ለመያዝ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ድርጅቶቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ማን መቼ፣ የትኛውን እድር፣ ለምን ሥራ እንደሚጠይቅ ቢነጋገሩ በቂ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆነው ሥራም ከወዲሁ ይታያል። የመኸሩ አጨዳ እንዳለቀ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ከመድረቁ በፊት፣ በዲንሾና በጎባ ዙሪያ ከተራራው ጥግ ባሉ ቀበሌዎች በእያንዳንዱ እድር ስብሰባ ላይ ስምንት ሰው ይጠየቅ። ጭስ ሲያዩ ለማን እንደሚደውሉ፣ የትኛውን መንገድ እንደሚይዙ፣ መቼ ወደኋላ እንደሚመለሱ የፓርኩ ጠባቂዎች ግማሽ ቀን ያሠልጥኗቸው፤ በወር አንድ ጊዜም ይገናኙ። በመጋቢት መጨረሻ ከስምንቱ ስንቱ አሁንም እንደሚመጡ መቁጠር ይቻላል፤ በየቀበሌው የሚገኘው ቁጥርም በሚቀጥለው ዓመት የትኛው እድር ቀድሞ እንደሚጠየቅ፣ የትኛውም አስተባባሪ እንደሚቀየር ይወስናል።